«ማርሳችንን መልሱልን!» - ቬንገር ሚዛኑን ትተው ማዕዱን ሲቀይሩ

ከሜዳ ውጪ ለጨዋታ የሚጓዝ ቡድን አውቶብስ ውስጥ ዘፈን መሰማቱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1996 በአርሰናል አውቶብስ ውስጥ የተሰማው ዜማ ግን የተለየ ነበር። ከኋላ ወንበር የተደረደሩት አንጋፋዎቹ ተጫዋቾች ድምፃቸውን አስተባብረው «ማርሳችንን መልሱልን!» እያሉ ይዘፍኑ ነበር። ማርስ ሲባል ፕላኔቷ እንዳትመስላችሁ፤ ቸኮሌቱ ነው። የዘፈኑ ኢላማ ደግሞ ከፊት ወንበር የተቀመጡት፣ መነፅር ያደረጉት፣ ረጅሙና ቀጭኑ አዲሱ ፈረንሳዊ አሰልጣኝ ነበሩ።

ጉዞው አርሰን ቬንገር በአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉበት የብላክበርን ጉዞ ነው። ቬንገር ከዓመታት በኋላ እንደተረኩት በዚያ ጨዋታ እረፍት ላይ መልበሻ ክፍሉ ፀጥ ብሎ ነበር። ነገሩ ያሳሰባቸው አሰልጣኝ የቡድኑን ወጌሻ ጋሪ ሌዊንን ጠጋ ብለው ሰዎቹ ምን ሆነው ነው የማያወሩት ሲሉ ጠየቁት። የወጌሻው መልስ አጭር ነበረች፤ ርቧቸዋል። ከጨዋታ በፊት የለመዷትን ቸኮሌት አልቀመሱማ!

የተራበው ቡድን ግን በኢያን ራይት ሁለት ጎሎች 2ለ0 አሸንፎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው የእግር ኳስ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የቬንገርን አብዮት ሲያነሳ ስለ ቪዬራ፣ ስለ ኦንሪና ስለ 49ኙ ያለ ሽንፈት ጨዋታዎች ያወራል። አብዮቱ መጀመሪያ የታየው ግን ሃይበሪ ሳር ላይ ሳይሆን ገበታ ላይ ነው።

ዘጠኝ እራት የሚበላው ተከላካይ

ለውጡን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ተጫዋች ከጨዋታ በፊት ስቴክ፣ የተጠበሰ እንቁላልና ድንች ቢበላ ማንም አይገረምም ነበር። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ በዘይት የተጠበሰ አሳ ከድንች ጋር፣ ከዚያ ቢራ። ቢራው በቡድን ነው የሚጠጣው፣ ያውም በፕሮግራም። አርሰናል ውስጥ «የማክሰኞ ክለብ» የሚባል ነገር ነበር። ረቡዕ ልምምድ ስለሌለ ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ተጫዋቾቹ ተያይዘው ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳሉ። ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ግን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ምግቡም ከመጠጡ አይተናነስም ነበር። ፖል መርሰን እንደሚያወጋው በአውቶብስ ጉዞ ላይ ማን የበለጠ ይበላል የሚል ውድድር ነበራቸው። ከኒውካስል ሲመለሱ በአንደኛው ጉዞ መሃል ተከላካዩ ስቲቭ ቦልድ ዘጠኝ እራት ጨርሶ አሸነፈ ይባላል። ዘጠኝ! ይህ ሰው ደግሞ በአውሮፓ ከሚፈሩት የተከላካይ መስመሮች አንዱን ከቶኒ አዳምስ ጋር የሚመራ ተጫዋች ነው።

ሳቁን ትተን ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ ነገሩ አስቂኝ ብቻ አልነበረም። አምበሉ ቶኒ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ጠጥቶ በማሽከርከሩ እስር ቤት ገብቷል። መርሰን በ1994 የአልኮል፣ የኮኬይንና የቁማር ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። አዳምስም በሴፕቴምበር 1996፣ ቬንገር ስራ ከመጀመራቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን ለጓደኞቹ አሳወቀ። ስለዚህ ፈረንሳዊው ሲመጡ የጠበቃቸው ቡድን በአንድ በኩል ሁለት የሊግ ዋንጫዎችን (1989 እና 1991) ያነሳ ጀግና፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሰውነቱን በገዛ እጁ እየበላ ያለ ቡድን ነበር።

በዚያ ላይ ዕድሜ አለ። ግብ ጠባቂው ዴቪድ ሲማን 33፣ ቦልድ 33፣ ሊ ዲክሰን 32፣ ናይጀል ዊንተርበርን 32፣ አዳምስና ማርቲን ኪዮን ደግሞ 30 ደርሰዋል። በዚያን ጊዜ አስተሳሰብ 32 ዓመት የሞላው ተከላካይ ሻንጣውን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ስራው አሮጌውን መስመር አፍርሶ ወጣቶች መግዛት እንደሚሆን የጠበቁ ብዙ ነበሩ።

ከናጎያ የመጣ ሳህን

ቬንገር ለንደን የገቡት ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት ነው። «አርሰን ማን?» የሚል ርዕስ የወጣባቸው እነዚህ ሰው ከጃፓን ይዘው ከመጡት ነገር አንዱ የምግብ ልምድ ነበር። በኋላ እንደተናገሩት በሕይወታቸው ካዩት ሁሉ የተሻለው አመጋገብ የጃፓኖቹ ነው። የተቀቀለ አትክልት፣ አሳና ሩዝ፤ ቅባትና ስኳር የለም፤ እዚያ ስትኖር ወፍራም ሰው አታይም ብለዋል። እንግሊዞች ግን ስኳርና ስጋ ያበዛሉ፣ አትክልት ያሳንሳሉ የሚል ትችት ሰንዝረዋል። ምግብን ከነዳጅ ጋር ያመሳስሉታል፤ መኪናህ ውስጥ የተሳሳተ ነዳጅ ከጨመርክ መሄድ ያለባትን ያህል አትሄድም ባይ ናቸው።

ከሆቴሉና ከልምምድ ሜዳው ገበታ ላይ ስቴኩና ጥብሱ ተነሳ። በምትኩ የተቀቀለ ዶሮ፣ በእንፋሎት የበሰለ አሳ፣ ፓስታ፣ የተፈጨ ድንች፣ ብሮኮሊና ሌላ አትክልት ቀረበ። ቸኮሌትና ለስላሳው ሄደ። ውሃ ራሱ ከፍሪጅ የወጣ ሳይሆን የክፍል ሙቀት ያለው ሆነ። የአመጋገብ ባለሙያው ዶክተር ያን ሩዢዬ ከፈረንሳይ መጥተው ለተጫዋቾቹ ምግብ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሰራ አስረዱ። ከሁሉ በላይ ተጫዋቾቹን ያሳቃቸው ግን አንድ ትዕዛዝ ነበር፤ ምግባችሁን ቀስ ብላችሁ አላምጡ። ዋንጫ ያነሱ ትላልቅ ሰዎች እንደ ህፃን እንዴት እንደሚታኘክ ሲነገራቸው አስቡት!

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ነገር አለ። እነዚያ ተጫዋቾች ዛሬም ድረስ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ብሮኮሊው፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ማላመጡ ነው። ስንት ኪሎ እንደቀነሱ የሚያወራ የለም። ሳህን እንጂ ሚዛን የታሪኩ ዋና ገፀ ባህሪ አይደለም። ቬንገር አንዱን ወፍራም ተጫዋች ለይተው «አንተ ከነገ ጀምሮ ሰላጣ ብቻ» አላሉም። የቀየሩት የሁሉንም ማዕድ ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ አምበሉም ተቀያሪውም የሚበላው አንድ አይነት ነው። ገበታው ላይ ያልቀረበ ነገር አይበላም፤ አለቀ።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ለምን ሰራ ለሚለው መልሱ ከባድ ሳይንስ አይደለም። ተጫዋች ለ90 ደቂቃ የሚሮጠው በዋናነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ በተጠራቀመ ጉልበት ነው። ይህ ክምችት የሚገኘው እንደ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንችና እንጀራ ካሉ ምግቦች ሲሆን የሚሞላው ከጨዋታው በፊት ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነው። ቅባት የበዛበት ስቴክና ጥብስ ግን ሆድ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ተጫዋቹ ኳስ ሲያባርር ሆዱ ገና ከቁርሱ ጋር ይታገላል ማለት ነው።

ከጨዋታ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ የጥገና ሰዓት ነው። ያለቀው ጉልበት መተካት፣ የደከመው ጡንቻ መጠገን፣ የፈሰሰው ላብ በውሃ መመለስ አለበት። ቢራ በዚህ ሰዓት ሲገባ ውሃውን ያስወጣል፣ እንቅልፉን ያበላሻል፣ ጥገናውን ያዘገያል። ቅዳሜ ተጫውቶ ረቡዕ የሚደግም ቡድን ይህን በየሳምንቱ ካደረገ በማርች ወርና በኤፕሪል እግሩ መክበዱ አይቀርም።

ማላመጡም ቢሆን ቀልድ አልነበረም። ሆድ መጥገቡን ለአዕምሮ እስኪያሳውቅ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአምስት ደቂቃ ሳህኑን የጨረሰ ሰው አዕምሮው «በቃህ» ሳይለው ሁለተኛ ሳህን ያነሳል። ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ግን ማንም ሳይከለክለው ራሱ ይቆማል። የዘጠኙ እራት ምስጢርም ምናልባት ይሄው ፍጥነት ይሆናል።

ዕድሜ የገዛ ገበታ

ውጤቱ በ1997/98 የውድድር ዘመን ታየ። ማንቸስተር ዩናይትድ በአንድ ወቅት በ12 ነጥብ ሲመራ ዋንጫው አለቀ ደቀቀ ተባለ። አርሰናል ግን ተስተካካይ ጨዋታዎች ነበሩት፤ ሌሎች በሚደክሙበት በውድድሩ መጨረሻ ላይም እሱ ጉልበት አገኘ። በማርች 14 ቀን 1998 ኦልድትራፎርድ ላይ በኦቨርማርስ ጎል 1ለ0 አሸነፈ፤ በአጠቃላይ 10 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎችን ድል አደረገ።

አስረኛው ድል በሜይ 3 ቀን 1998 ሃይበሪ ላይ ኤቨርተን 4ለ0 የተሸነፈበት ነው። የዚያን ቀን አራተኛ ጎል ያላየ የአርሰናል ደጋፊ ካለ ደጋፊ ነኝ አይበል። ኳሷን ከፍ አድርጎ ወደፊት ያሻገረው ስቲቭ ቦልድ ነው፤ የዘጠኝ እራቱ ሰውዬ በ35 ዓመቱ! ተቀብሎ በግራ እግሩ መረብ ውስጥ የቀረቀራት ደግሞ ቶኒ አዳምስ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከጠርሙስ ጋር ትግል ላይ የነበረው አምበል። ሁለት የመሃል ተከላካዮች ተቀባብለው ያገቧት ያቺ ጎል የለውጡ ሁሉ ማጠቃለያ ነበረች። አርሰናል በ78 ነጥብ ዩናይትድን በአንድ ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ኒውካስልን 2ለ0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፑንም ደገመ። ቬንገር ከብሪታኒያ ደሴቶች ውጪ መጥቶ ሁለቱን ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ያነሳ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆኑ።

ከዋንጫው በላይ የሚገርመው ግን የዕድሜው ነገር ነው። ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ የተባሉት ሰዎች አልሄዱም። ዲክሰን በ2002 ሌላ ድርብ ዋንጫ አንስቶ በ38 ዓመቱ ጫማ ሰቀለ። አዳምስም በዚያው ዓመት በ35 ዓመቱ በዋንጫ ተሰናበተ። ዊንተርበርን ወደ ዌስትሃም ሄዶ እስከ 39 ዓመቱ ተጫወተ። ሲማን እስከ 40 ድረስ ጓንቱን አላወለቀም። ኪዮን በ2003/04 አንድም ሽንፈት ሳይቀምስ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን አባል ነበር፤ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር።

በእርግጥ ይህን ሁሉ ብሮኮሊ ሰራው ማለት ተረት ነው። ቬንገር ቪዬራን፣ ፔቲን፣ ኦቨርማርስንና አኔልካን አምጥተዋል፤ ቤርካምፕን ከቦታው ጋር አስማምተዋል። ልምምዱ በደቂቃ የተለካ ሆነ፤ ሰውነት ማፍታቻው ተጨመረ። የአዳምስ ከመጠጥ መላቀቅም የራሱ የአዳምስ ትግል ነው፤ ማንም አሰልጣኝ አልሰራለትም። የማክሰኞው ክለብም በአንድ ሌሊት አልተዘጋም፤ ሬይ ፓርለርን የመሰሉት ቀልደኞች ቢራቸውን ሙሉ በሙሉ እንዳልተዉ ራሳቸው እየሳቁ ይናገራሉ። ያም ሆኖ ተጫዋቾቹ ራሳቸው አሰልጣኙ የኳስ ዘመናቸውን እንዳራዘሙላቸው መስክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በተከፈተው አዲሱ የለንደን ኮልኒ የልምምድ ማዕከል ደግሞ አዲሱ አመጋገብ ቋሚ ቤት አገኘ። ልማድ ቤት ሲሰራለት ይቆያል።

ሚዛኑ ሲወርድ ደረጃውም የወረደበት

በዚያው በሰሜን ለንደን፣ በጎረቤት ሰፈር፣ ሌላ ታሪክ አለ። ቶተንሃም በኦክቶበር 2007 ከሲቪያ ሁዋንዴ ራሞስን ሲያመጣ ስፔናዊው ወዲያው ትኩረታቸውን የተጫዋቾቹ ክብደት ላይ አደረጉ። የአመጋገብ ባለሙያ መጣ፣ ቅባትና ስጎው ተከለከለ። ጋዜጦች ቡድኑ በጠቅላላ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ እየደመሩ መፃፍ ያዙ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰምሮ ነበር። በጃንዋሪ 2008 አርሰናልን 5ለ1 ቀጥተው በፌብሩዋሪ ቼልሲን 2ለ1 በማሸነፍ የካርሊንግ ካፑን ወሰዱ።

ከስምንት ወር በኋላ ግን ያው ቀጭን ቡድን ከስምንት የሊግ ጨዋታ ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ ራሞስም ተሰናበቱ። ሚዛኑ ወረደ፣ ደረጃውም ወረደ! ጥፋቱ የአመጋገቡ ነው ማለት አይደለም፤ ሮቢ ኪንና ቤርባቶቭ የተሸጡበት ቡድን ነው። ግን አንድ ነገር ያሳያል። የኪሎ ቁጥር መቀነሱ በራሱ ውጤት ተደርጎ ከተቆጠረ ዋናው ጥያቄ ይረሳል፤ ይህ ሰው ከበፊቱ የተሻለ ይሮጣል ወይ? ቶሎ ያገግማል ወይ?

ሚዛን ደግሞ ይዋሻል። አንድ ተጫዋች በሞቃት ቀን በአንድ ጨዋታ ሁለትና ሦስት ሊትር ላብ ሊያጣ ይችላል። ወዲያው ሚዛን ላይ ቢወጣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ቀንሷል፤ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ስብ አልቀነሰም፣ ጠማው እንጂ! ሚዛን ጡንቻን ከስብ፣ ስብን ከውሃ አይለይም። ልምምድ የጀመረ ሰው ጡንቻ ሲጨምር ኪሎው ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ሱሪው ግን ይሰፋዋል።

ሚዛን ያልነገረውን ለማወቅ የብራዚሉን ሮናልዶ ማስታወስ በቂ ነው። በ2006ቱ የጀርመን ዓለም ዋንጫ መላው ዓለም በቦርጩ ሲሳለቅ ነበር። የሀገሩ ፕሬዚዳንት ሉላ ሳይቀሩ ወፍሯል ወይ ብለው አሰልጣኙን ጠየቁ። ያ «ወፍራም» ሰው ጋና ላይ አግብቶ 15ኛ የዓለም ዋንጫ ጎሉን በማስቆጠር የወቅቱን ክብረ ወሰን ያዘ። በፌብሩዋሪ 2011 ኳስ ሲያቆም ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ሚላን እያለ የታይሮይድ ዕጢ ችግር እንደተገኘበት ተናገረ። ይህ ህመም የሰውነትን ጉልበት አጠቃቀም የሚያዘገይና ለክብደት መጨመር የሚዳርግ ነው። በሳቁበት ሰዎች ማዘኑንም ያን ቀን ገለፀ። ሚዛን ቁጥር ይናገራል እንጂ ምክንያት አይናገርም።

እርግጥ ነው ሚዛንም ይሰራል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ፔፕ ጓርዲዮላ በ2016 ማንቸስተር ሲቲ ሲገቡ ክብደቱ ከተወሰነለት በላይ የሆነ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር እንደማይለማመድ ጋኤል ክሊሺ ተናግሮ ነበር፤ ፒዛም ተከልክሏል። ሲቲ በ2017/18 በ100 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኗል። ግን የሲቲ ተጫዋች ምግብ አብሳይ፣ ሐኪምና ሳይንቲስት ከጎኑ አለው፤ የሚዛኑን ቁጥር የሚተረጉምለት ሰው አለ። ጠዋት ጠዋት ፋርማሲ በር ላይ ሳንቲም ከፍሎ የሚመዘን ሰው ይህ ሁሉ የለውም።

ሜሲም ኬክ ይወድ ነበር

ነገሩ የ1990ዎቹ እንግሊዞች ብቻ ችግር አይደለም። ሊዮኔል ሜሲ ሜዳ ላይ ሲያስመልሰው ብዙዎች አይተዋል፤ ብዙ ምክንያትም ሲሰጠው ቆይቷል። ራሱ ሜሲ በ2018 ለአርጀንቲና ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ ለዓመታት በደንብ እንዳልበላ፣ ቸኮሌት፣ አልፋሆር የሚባለውን የሀገሩን ጣፋጭ ብስኩትና ለስላሳ ያበዛ እንደነበር ተናግሯል። አሁን አሳ፣ ስጋ፣ አትክልትና ሰላጣ እንደሚበላና ሁሉም በስርዓት እንደሆነ፣ ለውጡንም በማስመለሱ ላይ እንዳየው ገልጿል።

እዚህም ሜሲ ስንት ኪሎ ቀነስኩ አላለም። ያለው ማስመለሱ ቀነሰ ነው። መለኪያው ሚዛን ሳይሆን ሜዳው ሆነ። ያ ሰው በ2022 በ35 ዓመቱ ኳታር ላይ የዓለም ዋንጫን ከፍ አድርጓል። ልማድን ለመቀየር ረፈደብኝ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከሃይበሪ እስከ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት የሞላበትን ሰፈር ያየ ሰው የማክሰኞው ክለብ ወደዚህ የተዛወረ ሊመስለው ይችላል። የመጀመሪያው ጨዋታ በቢራ፣ ሁለተኛው በጥብስ፣ የማታው በሁለቱም። ቡድን ከተሸነፈ ለሀዘን፣ ካሸነፈ ለደስታ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ያው ሰው ማሊያ ለብሶ ሜዳ ይወጣና በአስረኛው ደቂቃ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ሰኞ ሚዛን ላይ ወጥቶ ይደነግጣል፤ ማክሰኞ ዳይት ይጀምራል፤ ሐሙስ ይሰለቸዋል፤ ቅዳሜ ወደ ጥብሱ ይመለሳል። ይህ ሳምንታዊ ፕሮግራም ከፕሪሚየር ሊጉ የበለጠ የማይዛነፍ ነው።

የቬንገር መንገድ ለዚህ ሰው የሚለው ነገር አለው። ብሮኮሊ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም። የጃፓኖቹ የተቀቀለ አትክልት እዚህ ጎመን፣ ቀይ ስርና ፎሶሊያ ነው። ምስር፣ ሽሮና አተር ክክ ጡንቻ የሚጠግን ምግብ ናቸው፤ ዘይቱ ልክ ከሆነ። በፆም ወራት በየቤቱ የሚሰራው በያይነቱ ለቬንገር ቢቀርብላቸው ምናልባት ዘይቱን ቀንሱ ይሉ ይሆናል እንጂ ሳህኑን አይመልሱትም። የማርሱ ቦታ ላይ እዚህ ያለው ለስላሳው፣ ቦምቦሊኖውና ሻይ ውስጥ የሚገባው ሦስተኛው ማንኪያ ስኳር ነው።

ዋናው ትምህርት ግን ከዚህ ይሰፋል። ሀበሻ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። አንድ ሰው ብቻውን ዳይት ሲጀምር ከትሪው ይነጠላል፤ ሚስት ትቆጣለች፣ እናት «ከሳህብኝ» ትላለች፣ ጓደኛ ጉርሻ ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ያ ሰው በሁለት ሳምንት ተሸንፎ ይመለሳል፤ ሰው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ብቻውን ከ11 ጋር ስለገጠመ ነው። ቬንገር ይህ ገብቷቸዋል። አንድ ተጫዋች ከገበታው አላስነሱም፤ ገበታውን ራሱን ቀየሩት። ቤት ውስጥም የሚቀየረው ትሪው ከሆነ ማንም አይነጠልም። ጥብሱ ላይ ጎመን ቢጨመር፣ ስጋው ከየቀኑ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ቢዞር፣ ለስላሳው ከፍሪጁ ቢጠፋ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይቀየራል፤ ጉርሻውም ይቀጥላል።

መለኪያውም እንደዚያው ነው። እሁድ ጠዋት ከአስረኛው ደቂቃ ይልቅ ሃያኛው ላይ የሚደክም ሰው ተለውጧል። ፎቅ ላይ ሳያለከልክ የወጣ ሰው ተለውጧል። ህመም ያለበት፣ ስኳርና ደም ግፊት የሚከታተል ሰው በእርግጥ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ለሌላው ግን ሚዛኑ ፋርማሲው በር ላይ ቢቆይ ምንም አይጎዳም።

እነዚያ ማርሳቸውን የናፈቁ የአርሰናል ተጫዋቾች ቸኮሌቱ አልተመለሰላቸውም። በምትኩ ያገኙት ዲክሰን ስድስት፣ ሲማን ሰባት፣ ኪዮን ከስምንት ያላነሱ ተጨማሪ የውድድር ዓመታትን ነው። በዚህ ዋጋ ቸኮሌቱን የማይለውጥ ተጫዋች የለም።